ሁለተኛው ባላ

ሐሙስ ማታ ሞተ፣ ካርዱ ሥራ ላይ እንዳለ፤
ሐሊማ ከሙሽራ መኪና አንድ እግሯ እንደተንጠለጠለ፣
መሬት ሳትረግጥ ቀረች። ስክሪኑ አረንጓዴ ዘርቶ፣
ማራገቢያው አንዴ ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ ተረትቶ።

ከቧንቧ ውሃ ማዶ፣ ከፋርማሲው ጎን ነው ሱቄ፤
ዘጠኝ ወር ቆየሁ፣ አሮጌውን አስታምሜ፣ አዲሱን ጠብቄ።
«ይወጣል፣ ዋጋውም ይወርዳል» ይለኝ ነበር ሸምሱ፣ ዕቃ አምጪው፣
ከዱባይ በሻንጣ ጠቅልሎ በካልሲ መሐል ደባቂው።

ሌሊት ነው የወጣው ዋጋ፣ ጦሳ ጉም ለብሶ ሲተኛ፤
አንድ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ቁጥሩን አበራው ለእኛ።
«ከአሮጌው በእጥፍ ይፈጥናል» አለ፤ ዋጋውም አብሮት ፈጠነ፤
ባለበት የቆመ ኪሴ ብቻ፣ እሱም ቀዳዳ ሆነ።
«የሚመከር ዋጋ» ነው ስሙ። እንዲህ ከሆነማ ምክሩ፣
ፍርዱንስ አያሳየኝ፤ ይቅር ከነነገሩ።

አባቴ ይመር ሙሄ ደላላ ነው፣ የሰኞ ገበያ ሰው፤
«ከማን ጋር ተከራከረ?» አለኝ፣ ሻዩን እንደያዘው።
«ከማንም።»
«ዋጋ ያለ ክርክር? በግ እንኳ ዳሌው ተዳሶ፣
ሻጭ ሦስቴ ሄዶ ተመልሶ፣
ገዢ ሁለቴ ረግሞ፣ አንዴ ምሎ ነው የሚሸጥ፤
የእናንተው በግ ቁጥር ግንባሩ ላይ ተለጥፎ ነው የሚቀመጥ?»

«ቆይ» አልኩት፣ «ሌላ ሠሪ አለ፣ ዋጋውን ገና ያልጠራ።
ሁለት ባላ ትከል አይደል ተረቱ? አንዱ ሲኮራ
በአንዱ እንጠለጠላለሁ።»
አባቴ ሻዩን አማሰለ፤
ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ያም ሆኖ ምንም አላለ።

ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ወጣ ሁለተኛው ሊናገር፤
ፊተኛው ሺ ዶላር ካለ፣ የዚህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ነበር።
ሃምሳዋማ ከመርካቶ ጀምራ በየእጁ ተቆነጠረች፤
የሐረጎን ዳገት ሳትወጣ እንደ ጨው ሟሙታ ቀረች።

«ጨው» ስል ነው አባቴ ቀና ያለ።

«መንገዱ የተናደ ዓመት፣ ሐረጎን ድንጋይ የሞላው፣
ደሴ ላይ ጨው ያለው ሁለት ሰው፤ አሊ ጓንጉልና ይሄ የምታዪው።
አልተማማልንም ልጄ። ሰላም አንባባልም ነበር።
እሱ ጠዋት አንድ ብር ሲል፣ እኔ ዘጠና አምስት ሳንቲም ስናገር፣
ሰው ወደ እኔ ሮጠ፤ ‹ይመር ደጉ› ተባልኩ፣ መረቁኝ በየቤት፤
ጨዉ ግን ሠላሳ ሳንቲም ነበር፣ ሐረጎ ሳይናድ በፊት።»

«አሊስ?»
«አሊ በደጄ ሲያልፍ አንዴ ቀና ብሎ አየኝ፤
ቃል የለ፣ ሳቅ የለ። ያቺ እይታ ናት እስከ ዛሬ የምትከብደኝ።
ሁለት ባላ አልሽ? ሁለቱም ከአንድ ግንድ ከተቆረጡ፣
የምትንጠለጠዪው አንቺ ነሽ፤ እነሱ ምን አጡ?»

ካርዱን ገዛሁ፣ በብድር። ሐሊማ መሬት ረገጠች፤
የእውነቷ ሐሊማ እስከዚያ ሁለቴ ከባሏ ተጣልታ ታረቀች።

ትናንት ፈንታው፣ የአራዳው፣ ዋጋ ለጠፈ፦ አርባ ሺ ብር።
እዚህ ሰፈር የሠርግ ቪዲዮ ከእሱና ከእኔ ሌላ ማን ነበር?
በባጃጅ በደጁ ሳልፍ ቀና ብሎ አየኝ፤ አየሁት።
ሱቄ ገባሁ። መስተዋቴ ላይ ሃያ አምስት ይላል፤ ጠረግሁት
በክርኔ።
ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ጻፍኩ።

ከሰዓት የመጣች ሙሽራ «ደግ ነሽ» ብላ መረቀች፤
አባቴ ሻይ ያማስላል፣ ማንኪያዋ ብርጭቆውን እየመታች።

ስኳር ገና አልጨመረም።